ሦስቴ የታጠበው ስብ

ኮርዶባ ውስጥ ቅጽል ስም ያልወጣለት ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ማንም የማይወደው ነው። የዩኒቨርሲቲው የስብ ላቦራቶሪም ከከተማው አይለይም። ራሚሮ ቤልትራሞ የዶክትሬት ጽሑፉን «ዘንድሮ እጨርሳለሁ» ማለት ከጀመረ ስድስተኛ ዓመቱ ስለሆነ «የጉምሩክ ዕቃ» ይሉታል፤ መጣ መጣ ይባላል እንጂ ሲደርስ ያየው የለም። ኃላፊዋ ዶክተር ኤልቪራ ኮስታማኛ «ነሐሴ» ናት፤ የገባችበት ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ሳያስበው ኮቱን ይቆልፋል። ዕቃ አጣቢዋ ኢታቲ ባሪዮስ ደግሞ «ኮምጣጤ»። የነካችውን ታጸዳለች፣ የነካትን ታቃጥላለች።

ኢታቲ በስሙ አትከፋም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከኮሪየንቴስ ገጠር ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛ መጥታ፣ የማታ ትምህርት ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲው የገባችው በተማሪ በር ሳይሆን በማጠቢያ ክፍል በኩል ነው። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የምርቃት ጽሑፎች መጀመሪያ ያወረደቻቸው አቧራቸውን ልትጠርግ ነው። ቀጥሎ ከፈተቻቸው። ከዚያ ያልገባትን ቃል በእርሳስ እያሰመረች፣ ባሰመረች ቁጥር እየተናደደች፣ አርባ አንዱንም አንብባ ጨረሰች። ላቦራቶሪው ውስጥ ሁሉም ዶክተሯን «አንቺ» ይላታል፤ ኢታቲ ብቻ «እርስዎ» ትላለች። ከትሕትና አይደለም። ማንም ጠጋ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ እንዲያደርጋት ስለማትፈልግ ነው።

የሚያጠኑት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሕዋስ እንዴት እንደሚወጣ ነበር። ቫይረሱ የራሱ ቆዳ የለውም። ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ከተባዛ በኋላ ሲወጣ የባለቤቱን ቆዳ ለብሶ ነው የሚወጣው። ያ ቆዳ ከስብ የተሠራ ነው፤ ውፍረቱ ሁለት ሞለኪውል ብቻ። ስቡም አንድ ወጥ አይደለም። እንደ ዘይት የሚፈስ አለ፣ እንደ ቅቤ ረጋ ያለ አለ፤ የረጋው በኮሌስትሮል ተያይዞ፣ በሚፈሰው መሃል ደሴት ሠርቶ ይንሳፈፋል። ቫይረሱ ልብሱን የሚቆርጠው ከእነዚህ ደሴቶች ነው። ኤም-ሁለት የምትባል ትንሽ የቫይረሱ ፕሮቲን ጅራቷን የደሴቱ ዳር ላይ ትሰካለች፤ ደሴቱ እንደ እምቡጥ ሲያብጥ አንገቱን አጥብቃ ትይዛለች፤ እምቡጡ ይቆረጥና ይሄዳል። ኢታቲ ይህን ያነበበችው ራሷ በጉንፋን ተይዛ በተኛችበት ሳምንት ነው። ትኩሳቱን መራገም ትታ ጣሪያውን እያየች፣ «ይሄኔ ጉሮሮዬ ውስጥ ስንት ሺህ አንገት እየተቆረጠ ነው» እያለች ስትደነቅ ሦስት ቀን አለፈ።

ይህን በዓይን ለማየት እውነተኛ ቫይረስ አያስፈልግም። ስቡን ውሃ ውስጥ በኤሌክትሪክ እያንቀጠቀጡ እንደ ሳሙና አረፋ የተነፉ ኳሶች ያበቅላሉ፤ የረጋው ጥቁር ሆኖ እንዲለይ የሚፈሰውን ስብ ብቻ የሚያቀላ ቀለም ይጨምሩበታል፤ ራሚሮ ያዘጋጃትን የኤም-ሁለት ጅራት አረንጓዴ ቀለም አንጠልጥለውባት ያክላሉ። ንጹሑ ስብ ከውጭ አገር በዶላር የሚገዛ ነው። የታዘዘው ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ቦነስ አይረስ ጉምሩክ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ እንደሚያደርጉት ከእንቁላል አስኳልና ከላም አንጎል ራሳቸው ያወጡታል። አንጎሉን ኢታቲ ከሰሜን ገበያ ትገዛለች።

ሚያዝያ ላይ ዶክተሯ «ነይ እዪ» ብላት ማይክሮስኮፑ ውስጥ አየች። ጨለማ ላይ ቀይ ጨረቃ ተንጠልጥሏል። ጨረቃው ላይ ክብ ክብ ጥቁር ደሴቶች፣ ሾርባ ላይ እንደሚንሳፈፍ የስብ ዓይን፣ ይንሸራተታሉ፤ ሁለቱ ሲነካኩ ወዲያው አንድ ይሆናሉ። ማንም አልገፋቸውም፣ ማንም አልጠራቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማጠቢያው ጋ ቆማ ስትሠራ እንኳ እጇ ብርጭቆ ላይ፣ ልቧ እዚያ ጨረቃ ላይ ነበር።

ችግሩ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። የድሮው ስብ አለቀና አዲሱን እንድታወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ተሰጣት። አወጣችው። ራሚሮ ብልቃጡን አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው።

«ይሄ ስብ ነው ወይስ የሽንት ምርመራ?»

እውነት ነው፣ ቢጫ ነበር። ኢታቲ ብልቃጡን ከእጁ ነጠቀችው። በሩን ዘግታ ስቡን በቀዝቃዛ አሴቶን አጠበችው። አሁንም ቢጫ። ደግማ አጠበችው። በሦስተኛው አጠባ ስቡ ጥጥ መሰለ፤ ራሚሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት። ደብተሩ ላይ «ስብ፣ ከላም አንጎል፣ ነጭ» ብላ ብቻ ጻፈች። ስድብ እንዴት እንደሚታጠብ ደብተር ላይ አይጻፍም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሴት ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኳሶቹ ይነፋሉ፣ ያማሩ ናቸው፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ቀይ። አረንጓዴዋ ጅራት ስትጨመር የምትሰካበት ዳር ታጣና በሁሉም ቦታ እንደ ጉም ትበተናለች። የሚቆረጥ አንገት የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ማቴ የሚሉት የቅጠል ሻይ፣ ፔፔሪና የሚባል መዓዛማ ቅጠል ተጨምሮበት፣ በአንድ ቅልና በአንድ መምጠጫ ይዞራል። ራሚሮ ከከረጢት ክሪዮሊቶ ዳቦ እያወጣ ይበላል።

«ብርጭቆው ላይ ሳሙና ቀርቷል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለ።

«የኔ ብርጭቆ ላይ?» አለች ኢታቲ። «የኔ ብርጭቆ ላይ የሚቀር ነገር ቢኖር ያንተ ጣት ነው። ያንን ዳቦ በሞራ ነው የሚያቦኩት፤ አንተ በልተህ የነካኸውን በር ሁለቴ ነው የማጥበው።»

«ኮምጣጤዬ፣ አትቆጪ። ማጠብ ለማንም ይከብዳል።»

«መጨረስም እንደዛው።»

ዶክተሯ ማቴውን መጥጣ ጨረሰችና ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ኢታቲ፣ የቴክኒሻን መደቡ ቅጽ አርብ አሥር ሰዓት ይዘጋል። አንድ ስም ነው የምፈርመው። ዲፕሎማ ያላት አንዲት ኬሚስት አመልክታለች። ያንቺን ስም መጻፍ እፈልጋለሁ። ግን ሦስት ሳምንት ያልሠራ ስብ አውጥታለች ብዬ ለኮሚቴ ምን እላለሁ?»

«ብርጭቆዬ ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ መሆኑን አልጠየቅኩሽም። እንዲሠራ ነው የጠየቅኩሽ።»

የኢታቲ ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ኮሪየንቴስ ነው፤ የአክስቷ ሱቅ፣ የአክስቷ ምክር። ያን ጨረቃ ዳግመኛ የሚያሳያት የለም።

ረቡዕ ጠዋት ጥፋቱን የአንጎሉ አድርጋ ወደ ሰሜን ገበያ ሄደች። ዶን ቱልዮ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ለላቦራቶሪው አንጎል የሸጠው ሽማግሌ፣ ከልኳንዳው ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ ቢላ ይስላል።

«ዶን ቱልዮ፣ ያለፈው አንጎልዎ ሞቷል።»

«ልጄ፣ ላሟም ሞታለች። እዚህ ቤት በሕይወት የምንገባ እኔና ደንበኛ ብቻ ነን፤ ደንበኛም ዋጋ እስኪሰማ ነው።» ቢላውን አስቀመጠ። «ትኩስ ነበር እኮ። ምን አደረጋችሁት?»

«ስቡን አወጣነው፣ አጠብነው።»

«ስንቴ?»

«ሦስቴ። እስኪነጣ።»

ዶን ቱልዮ ሳቀ፤ ሆዱ ከባንኮኒው ጋር ተጋጨ።

«አንቺም እንደ ባለቤቴ! ኖርማ የነርስ ልጅ ናት፣ ያላጠበችው ነገር ቤታችን የለም። አንጎሉን በኮምጣጤ ታጥባለች፣ በጨው ታጥባለች፣ በወተት ታጥባለች፣ ከዚያ ጠብሳ ታቀርብልኛለች። ናፕኪን የምበላ ነው የሚመስለኝ። ‹ኖርሚታ፣ ምግቡ የታለ?› ስላት፣ ‹ነጥቶ የለም ወይ?› ትለኛለች። ነጥቷል፤ ምግቡ ግን ቧንቧው ውስጥ ነው!»

ኢታቲ ቦርሳዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አሴቶን። ጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት አሴቶን። ከአርባ አንዱ ጽሑፍ ውስጥ በአሥራ ሰባተኛው፣ እርሳስ ያሰመረችበት ገጽ ላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር አሁን ልክ እንደ ሰው ድምፅ ሰማችው። የሚፈሰውም የሚረጋውም ስብ በቀዝቃዛ አሴቶን አይሟሟም፤ ኮሌስትሮል ግን ይሟሟል።

«ምን ሆንሽ? አንጎል ልስጥሽ?»

«ዛሬ አይደለም። ለኖርማ ሰላም ይበሉልኝ። እጇን ይሳሙልኝ።»

«እጇ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ነው የሚለው» ሲል ከኋላዋ ሰማችው።

አውቶቡስ አልጠበቀችም። ካንያዳ የሚሉትን የከተማውን ወንዝ ተከትላ፣ ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች ሥር፣ ደረቁ ንፋስ ከንፈሯን እየሰነጠቀው ሮጠች። የተጣለ ፈሳሽ የሚወሰደው በወሩ መጨረሻ ነው። የቆሻሻ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ጠርሙሱ አለ፤ በራሷ እጅ ጽሑፍ «አሴቶን፣ ቆሻሻ» ይላል። ቢጫ ነበር፤ ያ ያሳፈራት ቢጫ።

አሴቶኑን ሽታ በሚስበው ማራገቢያ ሥር አተነነችው። ከታች ቢጫ ዝቃጭ ቀረ። በሙቅ አልኮል አሟምታ በረዶ ውስጥ ስታስቀምጠው፣ ፈሳሹ መሃል እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቁ ስስ ቅርፊቶች አንድ በአንድ ይወለዱ ጀመር። አንዷን ወስዳ አሮጌው ጽሑፍ እንደሚለው ሁለት አሲድ ጠብ አደረገችባት። ሐምራዊ ሆነ። ሰማያዊ ሆነ። ቀስ ብሎ እንደ ጥልቅ ባሕር አረንጓዴ ሆነ። ኮሌስትሮል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሷ ጽሑፍ «ቆሻሻ» ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ነጩን ስብና ቅርፊቱን መልሳ ቀላቀለች፤ አደረቀች፤ ኳሶቹን አበቀለች። አረንጓዴዋን ጅራት ልትጠይቅ ራሚሮ ጋ ሄደች።

«ሌላ ጠብታ ልታባክኚ?»

«አንድ ብቻ። ባይሠራ የሰኞን ብርጭቆህን በነጻ አጥብልሃለሁ።»

«ሁሌም በነጻ አይደል እንዴ?» አለና ራሱም ተከትሏት መጣ፤ ዶክተሯም ግርግሩን ሰምታ መጣች።

ኢታቲ ዓይኗን አስጠጋች። ቀይ ጨረቃ። ጨረቃው ላይ ደሴቶች፣ ትንንሽ፣ ብዙ፣ እየተዋሃዱ። ጠብታውን ከዳር ለቀቀችው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ አረንጓዴ ጭላንጭል በኳሱ ዙሪያ መጣ። ደሴቱ ላይ አልወጣም፤ ከደሴቱ ውጭም አልቀረም። ልክ ዳሩን፣ ሁለቱ ስቦች የሚገናኙበትን ያን ስስ መስመር፣ ይዞ ዞረ። እያንዳንዱ ደሴት አረንጓዴ ቀለበት አጠለቀ። ማን ነገራት ለዚህች ጅራት? ዓይን የላት፣ አእምሮ የላት፤ የስንዝር ሚሊዮንኛ የማትሞላ ቁራጭ ናት። ነገር ግን የሚፈስና የሚረጋ የሚለያይበትን ዳር ከሌላው ቦታ ሁሉ ለይታ ታውቃለች።

ከዚያ አንዱ ደሴት ጎበጠ። ፕሮቲኑ የተጨመረው በውጭ በኩል ስለሆነ እምቡጡ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። ኪስ ሆነ፤ ኪሱ ጠለቀ፤ አረንጓዴው ቀለበት ጠበበ፣ ጠበበ፣ ነጥብ ሆነ። እና ተቆረጠ። ትንሽ ጨረቃ በትልቁ ጨረቃ ሆድ ውስጥ ብቻዋን መዋኘት ጀመረች። ከጀርባዋ ያለው ቆዳ ቀዳዳ እንኳ አልቀረበትም፤ ተዘግቷል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሁለተኛው ጎበጠ። ሦስተኛው።

የኢታቲ ዓይን እንባ ሞልቶ ምስሉ ተበላሸባት። ተናደደች፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ሰው ሰው ላይ ባስነጠሰበት ዘመን ሁሉ፣ ማንም ሳያይ፣ ይህ ሲሆን ኖሯል። በኮሪየንቴስ፣ በልጅነቷ ጉንፋን ሲይዛት፣ እናቷ ጀርባዋን እያሻሸች በቆየችባቸው ቀኖችም ይህ ሲሆን ነበር። እና ይህን የመሰለ ነገር የቆመው በአንዲት ቅርፊት ላይ ነው፤ እሷ አጥባ በጣለችው።

«ተነሺ፣ እኔም ልይ» አለ ራሚሮ። አየ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣለትም። «ወይኔ እናቴ» ብቻ አለ።

ዶክተሯ አየች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል፣

«ምን ቀየርሽ?»

መልሱ ቀላል ነበር። ብርጭቆ ለወጥኩ ቢባል ይታመናል። የራሚሮ ጅራት አርጅታ ነበር ቢባልም ይታመናል፤ እሱ ራሱ እንኳ ያምናል። ሦስቱ አጠባ የትም አልተጻፈም። አርብ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ኢታቲ ከንፈሯን ከፈተች፤ ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ነበር። ግን አሁን ያየችው ነገር በውሸት ላይ ሊቆም አይችልም። ነገ ሌላ ሰው ሲሠራው ደሴቱ ይጠፋል፤ ያየችው ሁሉ እንዳልታየ ይሆናል።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ስቡ ቢጫ ነው ሲባል በአሴቶን ሦስቴ አጠብኩት። ኮሌስትሮሉ አብሮ ሄደ። ደብተር ላይ አልጻፍኩም። ዛሬ ከቆሻሻው ጠርሙስ አውጥቼ መለስኩት። ብርጭቆዬ ግን ንጹሕ ነበር።»

ራሚሮ ጣሪያውን አየ። ዶክተሯ ኮቷን ቆለፈች፤ ራሷን የበረዳት መሰለ።

«መታጠቡ ጥፋት አይደለም። ሰው ያጥባል። አለመጻፍሽ ነው። ሦስት ሳምንት የሦስት ሰው ዕድሜ በላሽ፤ ለምን? አንድ ቃል ስለጎረበጠሽ።»

«አዎ።»

«‹ግን› የምትይው ነገር የለሽም?»

«የለኝም።»

ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ዞረች። ድምፅዋ ተለወጠ።

«አንድ አንጎል። ያው ስብ፣ ያው ብርጭቆ፣ ያቺው ጅራት። አንዱ ከኮሌስትሮል ጋር፣ ሌላው ያለሱ። ይህን ሙከራ ለመሥራት ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ስጠይቅ ነበር፣ አንቺ በንዴት ሠራሽው። ግን በንዴት የተሠራ አይቆጠርም። ነገ አዲስ አንጎል ግዢ። ለሁለት ክፈዪው፤ ግማሹን እጠቢ፣ ግማሹን አትጠቢ። እያንዳንዷን ጠብታ ጻፊ። አርብ እኔ ራሴ አያለሁ። ካልተደገመ ቅጹ ላይ የሌላ ሰው ስም ነው።»

ሐሙስ ዶን ቱልዮ አንጎሉን በሁለት ከረጢት ልስጥሽ ወይ ብሎ ቀለደ። ኢታቲ ቀኑን ሙሉ አወጣች፣ አጣራች፣ ከፈለች፣ ጻፈች። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቢጫ። ቢጫውን ብልቃጥ አንስታ ወደ መስኮቱ ስታዞረው ራሚሮ ጎኗ ቆሞ ነበር።

«ምንም እንዳትል።»

«ያምራል ልል ነበር።»

«እሱንም አትበል።»

ቢሆንም ማቴውን ሲያቀብላት ተቀበለችው። ክሪዮሊቶውን ከበር ውጭ ቆሞ እየበላ ነው የመጣው፤ እጁንም ታጥቧል። አይታዋለች።

አርብ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱ የማይክሮስኮፕ መስታወቶች ዝግጁ ሆኑ። ዶክተሯ መጀመሪያ ነጩን አየች፤ ወጥ ቀይ፣ ጉም። ደብተሩ ላይ ጻፈች። ከዚያ ቢጫውን። ዓይኗን አስጠጋችና ጠብታው ተለቀቀ። ኢታቲ ከኋላዋ ቆማ ማየት ስለማትችል የዶክተሯን ትከሻ ታያለች። ትከሻው ትንሽ ወደ ላይ ተነሣ፤ እዚያው ቀረ።

አምስት ደቂቃ። አሥር። ሰዓቱ ዘጠኝ አለፈ፤ መዝገብ ቤቱ ግቢውን ተሻግሮ ማዶ ነው።

«ዶክተር፣ ቅጹ...»

«ዝም በዪ፣ አራተኛው እየሄደ ነው።» ዓይኗን ሳታነሳ ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። «ብዕር። ወረቀቱን ከእጄ ሥር አድርጊው። የት ጋ ነው?»

ኢታቲ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጇን ይዛ መስመሩ ላይ አኖረችላት። ብዕሩ ጀመረ፤ መሃል ላይ ቆመ፣ ዶክተሯ «ኧረ ተመልከቱት!» አለች ለማንም ሳይሆን፤ ከዚያ ቀጠለ፤ መስመሩን ስቶ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ የቀን ቦታ ውስጥ ገባ።

መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። ወረቀቱን አዘነበለው፤ ቀጥሎ ራሱን አዘነበለ።

«ሴንዮሪታ፣ ይሄ ፊርማ ጠማማ ነው። ሰክራ ነው እንዴ የፈረመችው?»

«አይደለም» አለች ኢታቲ። ሮጣ ስለመጣች ደረቷ ገና ይነሣል ይወድቃል። «ሌላ የሚታይ ነገር ነበራት።»

ሰውዬው ማኅተሙን አነሣ።